የጦይባ ጥፍሮች

ኮምቦልቻ ላይ ሰው ሰላምታ የሚለዋወጥበት መንገድ ከተቀየረ ቆይቷል። «እንዴት አደርሽ?» ለሽማግሌዎች ቀርቷል። ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር በኩል «ጥፍርሽ እንዴት አደረ?» ነው የሚባባለው። መልሱም የተለመደ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አረንጓዴ» ወይም «ትንሽ ቢጫ ነክቶታል፤ እንቅልፍ አጥቼ ሰንብቼ ነው» ይባላል። ቢጫን ያለፈ ሰው ግን መልስ አይሰጥም። እጁን ልብሱ ውስጥ ከትቶ ያልፋል።

ጦይባ እንድሪስ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከትታ ማለፍ ከጀመረች ሁለተኛ ክረምቷ ነበር።

በየመስከረሙ ጤና ጣቢያ የሚወጉት ቀለም ደም ውስጥ ይገባና በሕይወት ያለ ሕዋስ ሁሉ ውስጥ እየዞረ የዛገ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ያልዛገውን አይነካም። ባለሙያዎቹ ሌላ ስም አላቸው፤ ሕዝቡ ግን «ዝገት» ብሎት ቀርቷል። ብረት ይዝጋል፣ ሰውም ይዝጋል። ዝገቱ ሲያንስ ጥፍር በሰማያዊ መብራት ሥር አረንጓዴ ያበራል። ሲበዛ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን፣ በመጨረሻ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ሸክላ የደረሰውን ዘመድ ወዳጅ ያለ ወትሮው መጠየቅ ያበዛል፤ እሱም ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

እንሶስላ መሞቅ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፍር መሸፈን መታወቂያ እንደ መደበቅ ተቆጠረ፤ ሙሽሮች እንኳ የሚሞቁት እግራቸውን ብቻ ሆነ። ቀጣሪ ጥፍር ያያል። ልጅ የሚያጭ ቤተሰብ ጥፍር ያያል። አውቶቡስ በር ላይ ሰማያዊ መብራት አለች፤ ጥፍሩ ብርቱካን ለሆነ ሰው ወጣቶች ከወንበራቸው ይነሣሉ። አንድ ጠዋት ጦይባና ባሏ ይማም አብረው ሲሳፈሩ አንድ ጎረምሳ ተነሣና «ይቀመጡ እማማ» አላት። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። በሰባት ዓመት ለሚበልጣት ለይማም ግን ማንም አልተነሣም። ጥፍሩ እንደ ሐምሌ ሣር ነበር። እሱም እየሳቀ ቆሞ ሄደ።

ይማም ደግ ሰው ነው። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል። ወደ ወደብ የሚሄዱት ሾፌር አልባ የጭነት መኪናዎች በሚያድሩበት ግቢ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሚሌ በረሃ ላይ አንዱ መኪና ግራ ተጋብቶ ሲቆም ከመስኮት ማዶ ከብት እንደሚያባብል ሰው «አይዞህ፣ ና፣ ና» እያለ በስክሪን የሚመልሰው እሱ ነው። ቤቱ ሲገባ መንዙማ ያንጎራጉራል። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ልቡ ቆሞ የሥራ ባልደረቦቹ መለሱት፤ ከዚያ ወዲህ ደረቱ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ አለች። «ከእንግዲህ እሷ ትጠብቀዋለች፣ እርስዎ አይጨነቁ» ብለው ሐኪሞቹ ለጦይባ ነግረዋት ነበር።

ነገሩ የታወቀው ሐይቅ ከተማ ነው። የጦይባ እህት ዘሀራ ጉልበቷን አስቀይራ ተኝታ ነበርና ጦይባ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልታስታምማት ሄደች። ማስታመም ሰው እንደሚያስዝግ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጥፍሯ ወደ ሸክላ ይሄድብኛል ብላ ፈርታ ነበር። እህቷን ታጥባለች፣ ታነሣለች፣ ትመግባለች፣ ቀኑን ሙሉ አንዴ አትቀመጥም። ጥፍሯ ግን በመጀመሪያ ቢጫ፣ ክረምቱ ሲጋመስ አረንጓዴ ሆነ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስታምሚኝ ወይስ እኔ ነኝ አንቺን?» አለቻት ዘሀራ፣ እጇን በመብራቱ ሥር እያገላበጠች።

ጦይባ ኮምቦልቻ ስትመለስ እጇን ከሻርፗ አውጥታ ነበር። ጎረቤት ሁሉ በአጥር በኩል እልል አለ። ይማም በግ አርዶ ዱዓ አስደረገ። ከሥጋው የተረፈው ቋንጣ ተበልቶ ሳያልቅ ጥፍሯ ቢጫ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ብርቱካን።

መጀመሪያ ውሃውን ጠረጠሩ። ይማም አዲስ ማጣሪያ ገዝቶ ራሱ ገጠመ። ቀጥሎ ፍራሹን ጠረጠሩ፤ ፍራሹ ተቀየረ። የግድግዳውን ቀለም ፋቀው፣ አልጋውን ከፋብሪካው ጭስ ወደሚርቀው ግድግዳ አዞረው። በየእሑዱ አንድ ነገር እየነቀለ አንድ ነገር ይተክላል፤ አቧራ ጠጥቶ ሲያበቃ ገብቶ «አሁንስ?» ይላታል። እሷም ስለምታዝንለት «ትንሽ ሻል ያለ ይመስለኛል» ትለዋለች።

በኋላ ከጤና ጣቢያው ሲስተር ሐውለት መጣች። ቤት ለቤት የምትዞር፣ ቦርሳዋ ውስጥ የእጅ መብራት የማታጣ፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። መጀመሪያ የጦይባን ትምህርት ቤት አየች። ጦይባ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ክፍሉ ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሕፃን ሲጮኽ ይውላል። ሐውለት በር ላይ ጠብቃ፣ ጦይባ ጠዋት ስትገባና ከሰዓት ስትወጣ ጥፍሯን ብታየው፣ ስትወጣ ይብሱን ደምቆ ሳይሆን ቀለል ብሎ ተገኘ።

«ሕፃናቱ አይደሉም» አለች። ከዚያ ወደ ይማም ዞረች። «አያ ይማም፣ ጥቂት ጊዜ ከቤት ወጣ ብለው ቢቆዩስ?»

«ለምን?»

«ቤቱን ብቻውን ለማየት።»

ይማም አልከፋውም። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ መኪና ግቢው ውስጥ ለሌሊት ተረኞች ወደተሠራችው ክፍል ገባ። ተመልሶ የመጣው ሐውለት ስታስጠራው ነው። በሩ ላይ እንደቆመ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀ።

«እና ቤቱ ነው?»

«ቤቱ አይደለም» አለች ሐውለት።

«ውሃውስ?»

«ውሃውም አይደለም፣ አያ ይማም።»

ይማም ማጣሪያውን አየ። በተከፈተው በር በኩል ፍራሹን፣ ከዚያ የተፋቀውን ግድግዳ አየ። የሚያየው ነገር ሲያልቅበት የገዛ እጁን አየ።

«እኔ ነኛ» አለ።

ሐውለት መብራቷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። የጦይባ ጥፍሮች ሐይቅ እንደነበሩት አረንጓዴ ነበሩ።

እንዲህ ላለው ሰው ከተማው ስም አለው፤ «አስዛጊ» ይባላል። ሕግ አይከሰውም፣ ወንጀል አይደለምና። ግን ስሙ ከወጣበት ሰው አጠገብ አውቶቡስ ውስጥ የሚቀመጥ የለም፤ ማኅበርተኛ በሩቁ ሰላም ይለዋል። ሐውለት ለማንም አልተናገረችም፤ ሆኖም ብርድ ልብስ ተሸክሞ የወጣን ሰው ሰፈር ያያል።

ያን ቀን ከሰዓት ባልና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ምን አደረግኩሽ?» አላት።

«ምንም።»

«ሰድቤሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«እጄን አንሥቼብሽ?»

«አስተግፊሩላህ! ምን ትላለህ አንተ?»

«ታዲያ ምንድን ነው ጦይባ? ንገሪኝና ልተወው።»

ጦይባ ብታውቀው ያኔውኑ ትነግረው ነበር።

ይማምም የሚተወውን ራሱ ፈለገ። መንዙማውን ተወ። ሲገባ «ምን ዋልሽ?» ማለቱን ተወ። ሲያስለው ውጭ ወጥቶ ያስላል። ማንኮራፋቴ ይሆናል ብሎ አልጋውን ወደ እንግዳ ክፍል አዛወረ። ቤቱ ባለቤቶቹ የሌሉበት መሰለ። የጦይባ ጥፍርም ይብሱን ወደ ሸክላ ዞረ።

ምክንያቱን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ይማም እንግዳ ክፍል ከገባ ወዲህ ትንፋሹ አይሰማትም፤ ስለዚህ እየደጋገመች ተነሥታ በሩ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች። አንድ ቀን እንደዚያ ጆሮዋን ለጥፋ ቆማ እያለች ራሷን ታዘበች። ይህን ማድረግ የጀመረችው ዛሬ አልነበረም። ልቡ ቆሞ ከተመለሰ ጀምሮ ሌሊት ትንፋሹን ስታዳምጥ፣ ቀን የጫማውን ድምፅ ስትጠብቅ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ልቧ ሲወርድ ነው የኖረችው። ሐይቅ ሳለች እሩቅ ስለነበር ጆሮዋ ተስፋ ቆርጦ አርፎ ነበር። መሣሪያዋ እንደምትጠብቀው ታውቃለች። ጆሮዋ ግን ይህን አያውቅም።

ለይማም አልነገረችውም፤ ብትነግረውም ሊተወው የሚችለው ነገር አልነበረምና። ለልጇ ለሰሚራ ግን ነገረቻት። ሰሚራ አዳማ የምትሠራ፣ ነገር ከተጀመረ ሳይቋጭ የማትተው ልጅ ናት፤ በማግሥቱ ባቡር ተሳፍራ ደረሰች።

«እማ፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንቺ እኔ ዘንድ ነይ። ዕድሜሽ ነው እኮ እየተበላ ያለው።»

«አባትሽ ምን አጠፋ?»

«አጠፋ አላልኩም። ጥፍርሽን አሳዪኝና ስለ ጥፋት በኋላ እናወራለን።»

ነገሩ አባጋር ሸህ ሙዘይን ዘንድ ደረሰ። አባጋር ሸህ ሙዘይን በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም እንኳ የሚያደርቁ ሽማግሌ ናቸው። እንደ አባታቸው ሾላ ዛፍ ሥር ነው የሚቀመጡት፤ የተጨመረው ነገር ከፊታቸው ያለችው በትንሽ ድንኳን የተሸፈነች ሰማያዊ መብራት ብቻ ናት። ባልና ሚስቱን እጃቸውን አስከተቷቸው። የሷ ሸክላ፣ የሱ ሣር። ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች ይማምን አዩትና ዐይናቸውን መለሱ።

«ተናገሪ ልጄ» አሏት። «ይህ ሰው ምን ያደርግሻል?»

ጦይባ ይማም አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ባየች ጊዜ ዝም ማለት አልቻለችም።

«እሱ አይደለም አባባ። እሱን መጠበቅ ነው። እንዳይሞትብኝ ስጠብቅ ነው የዛግኩት።»

«ጠብቂኝ ብሎሻል?»

«አላለኝም። ነግሬውም አላውቅ።»

«ተይ ብትባዪስ?»

«ጆሮዬን ቆርጬ ልጣለው?»

«መሣሪያ አለው እኮ፣ እማ!» አለች ሰሚራ ከኋላ። አባጋሩ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

ጢማቸውን አፍተለተሉ። «እኛ ልጆች ሳለን» አሉ፣ «የሚዝገው ማዕዘን ላይ ቆሞ የከረመ ማረሻ ነበር። የሚያርሰውማ እንደ መስተዋት ያብለጨልጭ ነበር። አሁን ነገሩ ተገለባበጠ፤ አራሹ ዛገ፣ የታረሰለት አበራ። ይህች መብራት ዝገቱን ታሳያለች እንጂ ከምን እንደመጣ አትናገርም። ከክፋት ቢሆን ፍርድ አውቅለት ነበር። ለዚህ ግን የአባቶቼ ፍርድ የለኝም።»

«ከሌለ እኔ ልፍረድ» አለ ይማም። ከመጣ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። «እወጣለሁ።»

አባጋሩ ጦይባን አዩ። ጦይባ መሬት አየች። «እንግዲያው ኒካሁ እንዳለ ይቆይ፣ ጣሪያው ይለያይ» አሉና ዱዓ አደረጉ። ሰዉም «አሚን» ብሎ ተበተነ።

ይማም ወደ መኪና ግቢዋ ክፍል ገባ። ጦይባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባዶ ቤት ውስጥ ስታዳምጥ ከረመች። ከዚያ አንድ ጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ ወጥታ ነቃች፤ ለዓመታት እንዲህ ተኝታ አታውቅም። ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለውዝ መፈልፈል ጀመረች። ስልክ ሲጠራ እስኪደግም ትተወዋለች። ሰዉ ባሏ ስለወጣ እያዘነች ይመስለው ነበር፤ እሷም ራሷን አዝኛለሁ ብላ መረመረች፤ ያገኘችው ግን እረፍት ነው። ጥፍሯ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ይማም ጁምዓ ሲወጣ እየመጣ ይጠይቃታል። የሥራ ጓንት አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ አያወልቀውም። «ዘይት ነክቶኝ ነው፣ ሽታው ይከብድሻል» ይላል። ስለ መኪናዎቹ አውርቷት፣ አንዱ ሚሌ ላይ ግመል አይቶ ግማሽ ቀን መንገድ ለቆ እንደቆመ ነግሯት፣ አስቋት ይሄዳል። ጦይባ ጓንቱን አይታ እንዳላየች አለፈችው።

መስከረም ላይ ሲስተር ሐውለት መንገድ ላይ አገኘቻት። «እትዬ ጦይባ፣ አያ ይማም ቀለም ሊወጉ አልመጡም። ብጠራቸውም ደህና ነኝ ነው የሚሉኝ። እርስዎ ቢነግሯቸው።»

ጦይባ በዚያው እግሯ ወደ መኪና ግቢው ሄደች። ይማም ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። እንደ መሥሪያ ቤት ሁሉ በሩ ላይ ሰማያዊ መብራት አለች።

«ጓንቱን አውልቀው» አለችው።

«የሥራ ነው።»

«ይማም።»

አወለቀው። ያለፈው ዓመት ቀለም ደክሟል፤ ቢሆንም ይታያል። ጥፍሮቹ የተተኮሰ ሸክላ ይመስላሉ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ይማም ምስጢሩ እንደተገለጠበት ልጅ ፈገግ አለ። «ለካ ከባድ ነው፣ ጦይባ። መጠበቅ። ስተኛ ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ልቤ ትመታለች፣ አትመታም እላለሁ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን አዳምጫት አላውቅም ነበር። ለካ ሌላ ሰው ተሸክሞልኝ ኖሯል።»

«ና ወደ ቤት።»

«አልመጣም።»

«እዚህ ብቻህን ትሞታለህ።»

«ጥፍርሽን አሳዪኝ» አላት።

እጇን በመብራቱ ሥር ዘረጋች። ይማም ተነሥቶ ቀረበና የዝናብ ማግሥት ማሳውን እንደሚያይ ገበሬ አየው። «ይህን አበላሽቼ የት እገባለሁ?» አለ።

«እኔ ና ካልኩህስ?»

«አንቺማ ትያለሽ።»

ጦይባ «ወላሂ ትመጣለህ» ብላ ብትምልበት ይማም ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ እንደሚነሣ ታውቃለች፤ በትዳር ዘመናቸው መሐላዋን አስቀርቶ አያውቅም። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። አንድ መኪና ስክሪኑ ላይ ቀይ አበራና ይማም ወደዚያ ዞረ። «አይዞህ፣ ና» አለው። ጦይባ ሻርፗን አስተካክላ «እንግዲህ ጁምዓ እንገናኝ» አለችና ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ የተሰማት እፎይታ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሰማያዊ አምፖሏን አብርታ እጇን ስትዘረጋ የሠራችውን ጥፍሯ ላይ የምታየው መስሏት ነበር። አረንጓዴ ነበር። ለኀፍረት የሚበራ ቀለም ገና አልተሠራም።

ይማም የሞተው ከቤት በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ስክሪኑ ፊት እንደተቀመጠ ነው። መሣሪያዋ ደጋግማ ሞክራ ነበር አሉ። ጦይባ ስትደርስ አጣቢዎቹ ውሃ እያሞቁ ነበር። እጁን እኔ ልጠብ ብላ ለመነች፤ ሚስቱ ናትና ፈቀዱላት። ሲስተር ሐውለት በር ላይ ያዘቻትና «አብሽሪ እትዬ ጦይባ። ጥፍራቸውን ለማየት ከሆነ ግን አሁን አይበራም። ቀለሙ በሕይወት ካለ ሕዋስ ጋር ነው የሚኖረው» አለቻት።

ጦይባ ገብታ እጁን ያዘች። ለብ ባለ ውሃ ጣት በጣት አጠበችው። አመልካች ጣቱ ላይ ማጣሪያውን ሲገጥም ተቆርጦ የቀረ ጠባሳ አለ፤ መዳፉ ሰፊ ነው። ለዓመታት ቀለሙን ብቻ ስታይ ኖራ የእጁን ቅርፅ ረስታው ነበር። ሰዎቹ «በቃሽ፣ ቀብሩ ይረፍዳል» እስኪሏት ድረስ አልለቀቀችውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች። አብረዋት ያስተማሩትን ቀበረች፤ ዘሀራን ቀበረች። ከሰማንያ በላይ ሆና እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ማንም አይነሣላትም ነበር፤ በሩ ላይ ያለችው መብራት እንደ ወጣት ስለምታሳያት ቆማ ትሄዳለች። ጤና ጣቢያው ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከዕለታት አንድ ቀን ወጣት ሴቶች ሰብስበው ምክር ስጪ ብለው ጋበዟት። አዳራሹ ሞልቷል። እጇን ጠረጴዛው ላይ ባለችው መብራት ሥር ስትዘረጋ ሁሉም አጨበጨቡ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «እማማ፣ ምስጢሩ ምንድን ነው? ምን አድርገው ነው?»

«ባሌን አስወጥቼ ነው» አለች ጦይባ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጠያቂዋ ራሷ አፏን ይዛ ሳቀች፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ እንባውን ጠረገ። ጦይባ እጇን ከመብራቱ ሥር ሳታነሣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀቻቸው። ሳቁ ሲበርድ ሌላ ልጅ ተነሣችና ቁርስ ምን እንደምትበላ ጠየቀቻት።